አሮጌውን ሕንፃ ከማፍረስዎ በፊት ይቁጠሩት

ጥያቄ፦ በምቆጣጠረው ሳይት ላይ ባለ ሁለት ፎቅ አሮጌ ሕንፃ አለ። እሱ ፈርሶ በቦታው ባለ ስድስት ፎቅ ይሠራል። አሠሪው "ከፍርስራሹ የሚቻለውን ያህል መልሰን እንጠቀም፤ በአዲሱም ሥራ ብክነት ይቀንስ" ብሎኛል። ሐሳቡን ወድጄዋለሁ፤ ከየት እንደምጀምር ግን አላውቅም። ኮንክሪቱን አስፈጭተን ለአዲሱ አርማታ መጠቀም እንችላለን? የድሮው ፌሮስ ይሆናል? ሸክላውንና እንጨቱንስ ምን እናድርገው? በአዲሱ ግንባታ ላይስ ብክነቱ በዋናነት የት ነው ያለው?

መልስ፦ አሠሪዎ ይህን ከወዲሁ ማንሳቱ ትልቅ ነገር ነው። ብዙ ጊዜ ይህ ጥያቄ የሚመጣው ፍርስራሹ ተከምሮ የጭነት መኪና ሲጠበቅ ነው። ያኔ አብዛኛው ነገር አልቆለታል። በሩ ተገንጥሏል። ሸክላው ከጄሶና ከአፈር ጋር ተደባልቋል። እንጨቱ ከኮንክሪት ሥር ተቀብሯል። ከዚያ ክምር የሚወጣው በአብዛኛው ሙሌት ብቻ ነው። ስለዚህ መልሴን ከክራሸሩ፣ ማለትም ኮንክሪት ከሚፈጨው ማሽን፣ አልጀምርም። ኤክስካቫተሩ ሳይት ከመግባቱ በፊት ካሉት ሳምንታት እጀምራለሁ። ትልቁ ትርፍ ያለው እዚያ ነው።

የማፍረስን ድርሻ ለማየት አንድ ቁጥር ይያዙ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ለ2018 ባወጣው ግምት የአገሪቱ የግንባታና የማፍረስ ተረፈ ምርት ወደ 600 ሚሊዮን ቶን ደርሶ ነበር (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚህ ውስጥ ከ90 በመቶ በላይ የመጣው ከማፍረስ ነው። አዲስ ግንባታ ከ10 በመቶ በታች ነበር። ይህ ማለት ግን የአዲሱ ሥራ ብክነት ቀላል ነው ማለት አይደለም። እዚያ የሚጣለው ገና ትናንት የተገዛ ሲሚንቶና ፌሮ ነው። ወደ እሱ በኋላ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ የሚሠራው ቆጠራ ነው። ሜትር፣ ካሜራና ደብተር ይዘው ክፍል በክፍል ይዙሩ። በሩን፣ መስኮቱን፣ የደረጃ መደገፊያውን፣ የመታጠቢያ ዕቃውን፣ የጣሪያ ቆርቆሮውን፣ የጣሪያ እንጨቱን፣ ሸክላውን ሁሉ ይመዝግቡ። ልኬቱን፣ ብዛቱን፣ ያለበትን ሁኔታ ይጻፉ። በምን እንደታሰረም ይጻፉ። ይህቺ የመጨረሻዋ ዓምድ ከሁሉም ትበልጣለች። በብሎን የታሰረ ነገር ሳይሰበር ይፈታል። የተበየደ ይቆረጣል። በማጣበቂያ ወይም በሲሚንቶ የተለጠፈ ብዙውን ጊዜ ተሰብሮ ነው የሚወጣው። ዝርዝሩን ጨርሰው ሲያዩት ምን እንደሚተርፍ፣ ምን ደግሞ ወደ ክምር እንደሚሄድ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ዝርዝሩን መጀመሪያ የሚሰጡት ለአርክቴክቱ ነው። ንድፉ ገና ካልተቆለፈ የጥበቃ ቤቱን፣ የዕቃ ግምጃ ቤቱን፣ የጄኔሬተር ክፍሉን በርና መስኮት በአሮጌዎቹ ልክ መሳል ይችላል። ግድግዳው ከተሠራ በኋላ ግን 4 ሴንቲሜትር የሚሰፋ በር ማንም አይፈልገውም። ተደግፎ ቆይቶ በዝናብ አብጦ ይጣላል። በስዊዘርላንድ ቪንተርቱር ከተማ በ2021 የተጠናቀቀው ኬ118 የተባለ ሕንፃ የተሠራው ይህንን ቅደም ተከተል ገልብጦ ነው። ከሌሎች ሕንፃዎች የተፈቱ የብረት ምሰሶዎች፣ መስኮቶችና የውጭ ደረጃ ተገኙ፤ ንድፉ ከእነሱ ተከተለ። እርስዎ እስከዚያ ድረስ መሄድ አይጠበቅብዎትም። መርሁ ግን ያው ነው። ዕቃው ከንድፉ በፊት መታወቅ አለበት።

ከቆጠራው ጋር አብሮ የሚሠራ አንድ ሌላ ሥራ አለ፤ እሱ ላይ ምንም ድርድር የለም። አሮጌ ሕንፃ ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል። ሞገድ ባለው የሲሚንቶ ጣሪያ ክዳን ውስጥ፣ በቱቦ መጠቅለያ፣ በአሮጌ የፕላስቲክ ወለል ንጣፍና በማጣበቂያው ውስጥ ይገኛል። የዓለም ጤና ድርጅት ሁሉም ዓይነት አስቤስቶስ ካንሰር እንደሚያመጣ በግልጽ አስቀምጧል። በዓይን አይቶ መለየት አይቻልም። ናሙና ለላቦራቶሪ ይላኩ። ውጤቱ እስኪመጣ ማንም አይስበረው፤ አይጋዘው፤ አይብሳው። ከተገኘ የሠለጠነ ቡድን አርጥቦ ሳይሰብር ያወርደዋል፤ ታሽጎም ይወገዳል። "ክዳኑ ደህና ነው፣ ለአጥር ይሁነን" የሚል ሰው አይጠፋም። አይፍቀዱ። በእርሳስ የተሠራ አሮጌ ቀለምም እንዲሁ በመፋቂያና በሞረድ ወደ አቧራ መለወጥ የለበትም።

ቀጥሎ ጊዜ ነው። ዕቃን በጤናው ለማውጣት የሚያስፈልገው ዋናው ነገር ማሽን አይደለም፤ ቀናት ናቸው። የማፍረስ ውል አብዛኛውን ጊዜ "በዚህን ያህል ቀን ቦታውን ባዶ አድርግ" ይላል። እንዲህ የተዋዋለ ሰው ዕቃ እንዲያተርፍልዎ መጠበቅ አይቻልም። ስለዚህ ውሉን ለሁለት ይክፈሉት። የመጀመሪያው የመፍታት ሥራ ነው፤ በእጅ፣ በዝርዝሩ መሠረት፣ በጤና ለወጣ ዕቃ የሚከፈል። ሁለተኛው የማፍረስ ሥራ ነው። በአሜሪካ የምትገኘው ፖርትላንድ ከተማ ይህን ሕግ አድርጋዋለች። በ2016 ያወጣችው ደንብ በ1916 ወይም ከዚያ በፊት የተሠሩ መኖሪያ ቤቶች በማሽን ተደርምሰው እንዳይፈርሱ፣ እየተፈቱ እንዲነሱ ያዛል። በኋላም እስከ 1940 የተሠሩትን ጨምራለች።

ሲፈታ ሕንፃው የተሠራበት ቅደም ተከተል ወደ ኋላ ይሄዳል። መብራትና ውሃ ይቆረጣል። መታጠቢያና መብራቶች ይወጣሉ። በርና መስኮት ከነማቀፊያቸው ይነሳሉ። ኮርኒሱ ይወርዳል፤ ከዚያ ቆርቆሮው፣ ከዚያ የጣሪያው እንጨት። ጄሶና የኮርኒስ ቁርጥራጭ በሙሉ ግድግዳው ከመነካቱ በፊት ከሳይት ይውጣ። ለምን እንዲህ አጥብቄ እንደምለው ኮንክሪቱ ላይ ስደርስ ይገባዎታል። በነገራችን ላይ ቦታው ከፈቀደ የሕንፃውን አንድ ጥግ ለሳይት ቢሮና ለግምጃ ቤት ያቆዩት። ለጊዜው የሚሠራ የቆርቆሮ ቤት ራሱ ትልቅ ብክነት ነው።

ወደ ሸክላው እንሂድ። የሸክላው ዕድል የሚወሰነው በመካከሉ ባለው ሞርታር ነው። የኖራ ሞርታር ከሸክላው ይደክማል። በመዶሻ ቀስ ብለው ሲመቱት ይለቃል፤ ሸክላውም ጸድቶ ለሌላ ዕድሜ ይሆናል። የሲሚንቶ ሞርታር ግን ብዙ ጊዜ ከሸክላው ይጠነክራል። ሲለያዩት የሚሰበረው ሸክላው ነው። ለመወሰን ረጅም ጥናት አይፈልግም። ከግድግዳው አንድ ካሬ ሜትር ያህል በእጅ ያስፈቱ፤ ስንቱ በሙሉ አካሉ እንደወጣ ይቁጠሩ። ከግማሽ በላይ ከተሰበረ ጉልበትዎን ሌላ ቦታ ያውሉት።

ሲሚንቶ ያለበትን ግንብ ዴንማርኮች በሌላ መንገድ ሞክረውታል። በኮፐንሃገን ሪሶርስ ሮውስ የተባለው የመኖሪያ ሕንፃ ላይ ሸክላውን አንድ በአንድ ከመፍታት ይልቅ የአሮጌውን የካርልስበርግ ቢራ ፋብሪካ ግንብ በመጋዝ ቆርጠው እንደ ሰሌዳ አወጡት። ሰሌዳዎቹ ተገጣጥመው አዲስ የውጭ ገጽታ ሆኑ። ውብ ነው። ግን መጋዝ፣ ክሬንና ንድፉን ከዚያ ጋር የሚያስማማ ቡድን ይፈልጋል። ለእርስዎ ሳይት አልመክረውም።

ጸድቶ የወጣ ሸክላ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ድሮ ከውስጥ የነበረው ሸክላ ወደ ውጭ መውጣት የለበትም። በቀድሞው ጊዜ በደንብ ያልበሰለው ሸክላ ብዙ ጊዜ ለውስጥ ግድግዳ ይውል ነበር። ዝናብ ሲያገኘው ይፈረፈራል። ሁለት ሸክላ ሲያጋጩ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ጥሩ ምልክት ነው። የታፈነ ድምፅ ካሰማ ለውስጥ ክፍልፋይ ወይም ለአትክልት መንገድ ይሁን።

እንጨቱ ብዙ ጊዜ ከሚታሰበው በላይ ዋጋ አለው። ለረጅም ዓመታት ደርቆ የቆየ የጣሪያ እንጨት እንደ አዲስ እንጨት አይጣመምም። ጫፎቹን ይዩ። መበስበስ የሚጀምረው ግድግዳ ውስጥ ከተቀበረው ጫፍ ነው። እሱ ተቆርጦ ሲወጣ መሐሉ ጤነኛ ሆኖ ይገኛል። ሚስማሩ በሙሉ ይነቀል፤ የቀረች አንዲት ሚስማር የመጋዝ ጥርስም የሰው ዓይንም ታጠፋለች። ጭነት የሚሸከም ቦታ ላይ የሚገባ ከሆነ መሐንዲሱ ይየው። አረንጓዴ የሚያስመስል መከላከያ የተነከረ አሮጌ እንጨት ካለ ግን አርሴኒክ ሊኖርበት ይችላል። እሱ አይጋዝም፤ ከሁሉ በላይ አይቃጠልም። ምግብ ለማብሰያ እንዳይወሰድ ለሠራተኞቹ ራስዎ ይንገሯቸው።

አሁን ወደ ኮንክሪቱ። አጭሩ መልስ፦ አዎ፣ ይፈጫል፤ ለአዲሱ ሕንፃ ምሰሶና ቢም (አግድም ተሸካሚ) ግን አልመክርም።

ምክንያቱ ይህ ነው። ከኮንክሪት የተፈጨ ጠጠር ከድንጋይ እንደወጣ ጠጠር አይደለም። በላዩ አሮጌ ሞርታር ተጣብቆበታል። ያ ሞርታር ቀዳዳው ብዙ ነው፤ ውሃ ይጠጣል። ጥሩ የተፈጥሮ ጠጠር ብዙውን ጊዜ ከክብደቱ 1 ወይም 2 በመቶ ውሃ ሲመጥ፣ የተፈጨው ከ3 እስከ 8 በመቶ ሊመጥ ይችላል። በደረቁ ማደባለቂያ ውስጥ ሲገባ የድብልቁን ውሃ ይመጠዋል። ኮንክሪቱ ቶሎ ይደርቃል። ሠራተኛው "አልፈስ አለኝ" ብሎ ውሃ ይጨምራል። ጥንካሬውን የሚጎዳው ከጠጠሩ ይልቅ ይሄ ውሃ ነው። መፍትሔው ጠጠሩን ከአንድ ቀን በፊት አርጥቦ ማሳደርና ላዩ ሲንጠፈጠፍ መጠቀም ነው። የጠጠሩ እርጥበትም በድብልቁ ስሌት ውስጥ መግባት አለበት። ደቃቁን ክፍል፣ አሸዋ የሚመስለውን፣ ከናካቴው ይተዉት። አሮጌው ሞርታር የሚበዛው እሱ ውስጥ ነው።

የአውሮፓ የኮንክሪት ደረጃ ኢኤን 206 በንጹሕ የተፈጨ ኮንክሪት የደቃቁን ሳይሆን የሻካራውን ጠጠር የተወሰነ ክፍል መተካት ይፈቅዳል። ለተለመደ የሕንፃ አካባቢ እስከ 30 በመቶ፣ የመዝገት ወይም የመጠቃት ስጋት ለሌለበት ኮንክሪት እስከ 50 በመቶ ነው። ስለዚህ ነገሩ የማይቻል አይደለም። ግን ከአንድ ትንሽ ሕንፃ በሞባይል ክራሸር የሚወጣ ጠጠር ጥራቱ ከቀን ቀን ይለያያል። ቋሚ ላቦራቶሪ፣ የሙከራ ድብልቅ፣ የ7 እና የ28 ቀን የኪዩብ ውጤት (የኮንክሪት ናሙና የጥንካሬ ፈተና) ይፈልጋል። ያን ሁሉ ለምሰሶ ከማድረግ ይልቅ የማይከራከሩበት ቦታ ላይ ያውሉት። ከመሬት ወለሉ ሥር ሃርድኮር (ተጠቅጥቆ የሚገባ የድንጋይ ንጣፍ)፣ ለመኪና ማቆሚያ ሰብ ቤዝ (ከላይኛው ንጣፍ በታች ያለ የጠጠር ንብርብር)፣ ከመሠረት ሥር ለሚገባው ሊን ኮንክሪት (ሲሚንቶው አነስ ያለ ኮንክሪት) ጠጠር ይሆናል። እዚያ የሚተካው ከድንጋይ ካባ የሚመጣ አዲስ ጠጠርና መኪናው የሚመላለስበት ነዳጅ ነው። ትርፉ እውነተኛ ነው።

አንድ ነገር ግን ለአሠሪዎ በግልጽ ይንገሩት። የተፈጨ ጠጠር የሲሚንቶን ጉዳይ አይፈታም። ሲሚንቶ ማምረት ከዓለም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት 7 ወይም 8 በመቶውን ይይዛል። የኮንክሪት ልቀት በአብዛኛው ከሲሚንቶው እንጂ ከጠጠሩ አይመጣም። በተፈጨ ጠጠር የወረደውን ጥንካሬ ለመመለስ ሲሚንቶ ከጨመሩ፣ በአንድ እጅ ያተረፉትን በሌላው ሰጡት ማለት ነው። ኮንክሪት መፍጨት ደህና ጠረጴዛን ፈልጦ ማገዶ እንደማድረግ ነው፤ ሙቀቱ ይገኛል፣ ጠረጴዛው ግን የለም።

ጄሶው ቀድሞ ይውጣ ያልኩት ለዚህ ነው። ጄሶ ሰልፌት ነው። ከተፈጨው ኮንክሪት ጋር ተቀላቅሎ እርጥበት ሲያገኝ ከሲሚንቶው ውሁዶች ጋር ይዋሃዳል፤ ያብጣል፤ ኮንክሪት ይሰነጥቃል። ሙሌት ብቻ ነው ብለው ቸል አይበሉ። ከወለል ሥር ካለ ሙሌትም ሰልፌቱ ከእርጥበት ጋር ወደ ላይ ወጥቶ ወለሉን ሊያነሳው ይችላል። ጥቂት ጄሶ ብዙ ንጹሕ ክምር ያበላሻል። ሌላው ቢቀር ጄሶና ኮንክሪት አንድ ክምር ላይ እንዳይገናኙ ያድርጉ።

እዚህ ላይ ስለ ቁጥር አንድ ነገር ልጨምር። የአውሮፓ ኅብረት በ2008 ባወጣው መመሪያ አባል አገራት እስከ 2020 ድረስ ከአደገኛ ያልሆነው የግንባታና የማፍረስ ተረፈ ምርት ቢያንስ 70 በመቶውን በክብደት መልሰው እንዲጠቀሙ አዟል። ጥሩ ግብ ነበር። ግን ጉድጓድ መሙላትም ከ70ው ውስጥ ይቆጠራል። ሚዛን ላይ ሲወጣ አንድ ባሬላ ፍርስራሽ ከአንድ ደህና መስኮት ይበልጣል። ስለዚህ ለአሠሪዎ ሪፖርት ሲጽፉ "90 በመቶ መልሰን ተጠቅመናል" ብለው አይለፉ። በቅርጹ የተመለሰውን፣ የተፈጨውን፣ ለሙሌት የሄደውንና የተጣለውን ለየብቻ ያስቀምጡ። አሠሪው ማየት ያለበት የመጀመሪያውን መስመር ነው።

የድሮው ፌሮስ? ለአዲሱ አርማታ አይጠቀሙበት። ከኮንክሪት ውስጥ ተስቦ ሲወጣ ይጣመማል። ተመትቶ ሲቃና ብረቱ የመለጠጥ አቅሙን ያጣል። በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ ሕንፃን የሚያተርፈው ደግሞ ፌሮው ሳይበጠስ መለጠጡ ነው። ሲታይ ቀጥ ያለ ይመስላል፤ ውስጡን ግን ማንም አያውቅም። የብረቱ ደረጃ ምን እንደነበረም ማስረጃ የለም። ዝገቱም ቀላል አይደለም። ምን ያህሉ እንደተበላ ለማየት አንድ ሜትር ቆርጠው ይመዝኑ። የአንድ ሜትር ፌሮ ክብደት በኪሎ፣ በሚሊሜትር የተለካው ዲያሜትሩ በራሱ ተባዝቶ ለ162 ሲካፈል ነው። ባለ 16 ሚሊሜትር ፌሮ 1.58 ኪሎ መሆን አለበት። 1.4 ኪሎ ከመዘነ ከአሥር እጅ አንዱ የለም ማለት ነው።

ደግነቱ ብረት ቀልጦ ጥራቱን ሳያጣ ይመለሳል። የዓለም የብረት አምራቾች ማኅበር ስሌት እንደሚለው ለብረት ሥራ የሚውል እያንዳንዱ ቶን ቁርጥራጭ ብረት 1.4 ቶን የብረት ማዕድንና 1.5 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስቀራል። ስለዚህ ፌሮው ከኮንክሪት ተላቆ፣ ለብቻው ተከምሮ ወደ ማቅለጫ ይሂድ። የድሮው ሕንፃ በብሎን የታሰሩ የብረት ቢሞች ካሉት ግን አያቅልጧቸው። እነሱ ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ናሙና ተቆርጦ ተፈትኖ እንደገና ይገጠማሉ። በደቡብ ለንደን በ2002 የተጠናቀቀው ቤድዜድ የተባለ የመኖሪያ መንደር ከመዋቅር ብረቱ 95 በመቶውን ያገኘው ከሌላ ቦታ ከተፈታ ብረት ነው።

ወደ አዲሱ ሕንፃ እንምጣ። እዚህ ሁሉም ሰው የሚያየው ብክነት የወለል ላይ ቁርጥራጭ ነው። ትልቁ ብክነት ግን አይታይም። ሥራው ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል።

ልስንን ይውሰዱ። ግንበኛው ቱምቢውን ችላ ብሎ ግድግዳው ቢያጋድል፣ ምሰሶውና ብሎኬቱ ባይገጣጠሙ፣ ልሳኙ በሞርታር ያስተካክለዋል። ግድግዳው አምሮ ይወጣል፤ ማንም አይናገርም። ግን 1,000 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሴንቲሜትር ትርፍ ውፍረት 10 ሜትር ኩብ ሞርታር ነው። በ1 ለ4 ድብልቅ (አንድ እጅ ሲሚንቶ ለአራት እጅ አሸዋ) ሲሰላ ከ70 ከረጢት በላይ ባለ 50 ኪሎ ሲሚንቶ ይበላል። የእርስዎ ሕንፃ ልስን ደግሞ ብዙ ሺህ ካሬ ሜትር ይሆናል። ያ ሁሉ ሲሚንቶ በቆሻሻ መኪና ሲወጣ አይታይም። ለዚህ ክራሸርም ልዩ ቴክኖሎጂም አያስፈልግም። ከእያንዳንዱ ፎቅ የመጀመሪያ ረድፍ ብሎኬት በኋላ በቱምቢና በውሃ ልክ መፈተሽ፣ ያጋደለውን ያኔውኑ ማስፈረስ ነው። ሶሌታም (የየፎቁ የኮንክሪት ወለል) እንዲሁ ነው። 500 ካሬ ሜትር ሶሌታ 1 ሴንቲሜትር ቢወፍር 5 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ሄደ። ከልክ በላይ ጠልቆ የተቆፈረ መሠረትም በኮንክሪት ነው የሚሞላው።

ፌሮ ላይ ያለው ብክነት በወረቀት ይድናል። ከ12 ሜትር ፌሮ 5.2 ሜትር ብቻ እየቆረጡ ቢያወጡ ሁለት ወጥቶ 1.6 ሜትር ይቀራል። ይህ ከ13 በመቶ በላይ ነው። በዚያው ዲያሜትር 6.8 ሜትር የሚፈልግ ሌላ ቢም ካለ ግን 5.2 እና 6.8 ልክ 12 ይሞላሉ። ምንም አይተርፍም። ስለዚህ ፌራዮው ቢም በቢም እንዲቆርጥ አይተዉት። የአንድ ፎቅ ፌሮ በሙሉ በዲያሜትር ተለይቶ አብሮ ይሰላ። "ትራፊው ስታፋ (ዋናዎቹን ፌሮዎች ዙሪያውን የሚያስር ቀጭን ፌሮ) ይሆናል" የሚባለውን አይመኑ። ባለ 16 ሚሊሜትር ትራፊ ለባለ 8 ሚሊሜትር ስታፋ አይሆንም። አጭር ቁራጭ የሶሌታን የላይኛውን ፌሮ ደግፎ ለሚይዝ እግር ይሆናል፤ ከዚያ ያለፈው ማቅለጫ ነው። ፌሮ የሚቀጠልበትን ቦታ ጥቂት ማሸጋሸግ ብዙ ቁራጭ ያድናል። ያን ግን ስትራክቸራል መሐንዲሱ ሳይፈቅድ አይነካም።

ብሎኬትና ሴራሚክ ላይ መፍትሔው ያለው አርክቴክቱ ዘንድ ነው። የግድግዳው ርዝመትና የመስኮቱ ቦታ ከብሎኬቱ ልክ ጋር ካልተስማማ በየረድፉ አንድ ብሎኬት ይሰበራል። ሥዕሉ ላይ ጥቂት ሴንቲሜትር ማንቀሳቀስ በነጻ ነው። ሳይት ላይ ግን በብሎኬት ይከፈላል።

የፎርምወርክ ጣውላ ስንት ጊዜ እንደሚያገለግል የሚወስነው አነቃቀሉ ነው። በዲጂኖ ተጎርጉሮ የሚነቀል ኮምፔንሳቶ ከጥቂት ጊዜ አያልፍም። ጫፉ ቀለም ተቀብቶ ውሃ እንዳይገባው ከተደረገ፣ ዘይት ከተቀባ፣ በቁጥር ተለይቶ ወደነበረበት ቦታ ከተመለሰ ብዙ እጥፍ ያገለግላል። ሲሚንቶ ከመሬትና ከግድግዳ ርቆ በጣውላ ላይ ይከመር፤ ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይውጣ። ሦስት ወር የቆየ ሲሚንቶ በደህና መጋዘንም ቢሆን ጥንካሬው ይቀንሳል። ኮንክሪት በመኪና የሚመጣ ከሆነ የመጨረሻዋን መኪና ከማዘዝዎ በፊት የቀረውን ቦታ እንደገና ይለኩ። ለሚተርፈው ደግሞ የቦይ ክዳን ወይም የመንገድ ጠርዝ ፎርማ አስቀድመው ያዘጋጁ። መጠንከር የጀመረውን ግን በውሃ አቅጥነው አይጠቀሙበት።

የመጨረሻው ነገር ገንዘብ ነው፤ እኔ ከሁሉም የሚሠራው ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ። ግንበኛው ወይም ልሳኙ በካሬ ሜትር ተከፍሎት፣ ሲሚንቶውና ብሎኬቱ ግን ከእርስዎ ግምጃ ቤት የሚወጣ ከሆነ፣ እሱ የሚያተርፈው በፍጥነት ብቻ ነው። ስለ ከረጢቱ የሚያስብበት ምክንያት የለውም። በዋጋ ትንተናው ውስጥ ደግሞ ብክነት ተብሎ የተወሰነ በመቶ አስቀድሞ ስለሚካተት ማንም አይጠይቅም። ስለዚህ በየሳምንቱ ሁለት ቁጥር ያስተያዩ፦ ከግምጃ ቤት የወጣው እና ተለክቶ የተሠራው። ልዩነቱን በየቡድኑ ይጻፉ። ከተስማማችሁበት በታች ላባከነ ቡድን ካተረፈው ላይ የተወሰነውን ያካፍሉት። ይህን ሲያደርጉ ሠራተኛው የወደቀ ሞርታር ከወለል አንስቶ ሳይደርቅ ሲጠቀም ያያሉ፤ ማንም ሳይጮህበት።

ክራሸር ከመከራየትዎ በፊት የንጹሕ ኮንክሪቱን መጠን ከአሮጌው ሕንፃ ልኬት ያስሉ፤ ከሚያስፈልግዎ የሃርድኮርና የሰብ ቤዝ መጠን ጋር ያስተያዩት። ከፍላጎትዎ በላይ ከሆነ በአቅራቢያ መንገድ ወይም መኪና ማቆሚያ የሚሠራ ሰው አሁኑኑ ይፈልጉ፤ የሚከማችበት ቦታ ስለማይኖርዎት። የአሮጌውን ሕንፃ የተሠራበትን ዓመት፣ ግንቡ በኖራ ይሁን በሲሚንቶ፣ የጣሪያውም ክዳን ምን እንደሆነ ቢጽፉልኝ ደግሞ የሸክላውንና የአስቤስቶሱን መልስ ለእርስዎ ሳይት ይበልጥ ማጥበብ እችላለሁ።